ከአማትነት ወደ ፕሮዲዩሰርነት፦ ባሕር ዳር ላይ ተከታታይ ድራማ መሥራት ለምታስቡ

ቴሌቪዥን ላይ ካያችሁኝ ስሜን አታውቁትም። "ያቺ አማትየዋ" ወይም "ጠላ ሻጯ" ብላችሁ ነው የምታስታውሱኝ። እናት፣ አማት፣ ቤት አከራይ፣ አልቃሽ፣ ነገረኛ ጎረቤት ሆኜ ተውኛለሁ። መሪ ገጸ ባሕርይ ተሰጥቶኝ አያውቅም። ፈልጌውም አላውቅም። አሁን ፕሮዲዩሰር ነኝ። ቀረጻ ላይ ልጆቹ "ማዘር" ይሉኛል፤ ክፍያ የምፈርመውም እኔው ነኝ።

ወጣት ተዋንያን "ማዘር፣ እንዴት ነው የተሻገርሽው?" ይሉኛል። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው። በተለይ ለአጃቢዎቹ።

በትንሽ ሚና የሚሠራ ሰው ከመሪ ተዋናይ ይልቅ ለፕሮዲዩሰርነት ይቀርባል። ለምን? ስለሚጠብቅ። መሪዋ ትመጣለች፣ ትቀረጻለች፣ ትሄዳለች። እኛ ጠዋት 1 ሰዓት ተጠርተን ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ "ግቡ" እንባላለን። በዚያ መሀል ቀኑ በምን እንደሚባክን ቁጭ ብለን እናያለን። ስልካችሁን ኪስ ክተቱና ደብተር ያዙ። ሥራው የቆመበትን ምክንያትና የፈጀውን ሰዓት ጻፉ። ተዋናይ አርፍዶ የሚባክነው ሰዓት እንደሚወራው ብዙ አይደለም። የቤቱ ቁልፍ ያለው ሰው ቀብር ሄዷል። የጄኔሬተር ነዳጅ አልቋል። ትናንት የተለበሰው ነጠላ ታጥቧል፣ ገና አልደረቀም። ምሳው ዘግይቷል፤ ምሳ ከዘገየ ደግሞ ከምሳ በኋላ የሚሠራው ሁሉ በኩርፊያ ነው የሚሠራው።

ደብተሩ ሲሞላ ኮንቲኒውቲ የምትይዘዋን ልጅ ተጠጉ። "ላግዝሽ" በሏት። እምቢ አትልም፤ እጅ ያጥራታል። ማን በየትኛው ትዕይንት ምን እንደለበሰ፣ ስኒው በየትኛው እጅ እንደነበር፣ ስንት ደቂቃ እንደተቀረጸ የምታውቀው እሷ ናት። ስክሪፕትን በትዕይንት፣ በቦታና በተዋናይ መበተን የተማርኩት እዚያ ነው። የፕሮዲዩሰር በጀት ከዚያ ዝርዝር ብዙም አይርቅም።

ስክሪፕቱ ከተማዋን ይወቅ

በየመንደሩ ጸሐፊ ሞልቷል። ጀልባ ነጂ የሚያውቀውን የሚያውቅ ጸሐፊ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ስክሪፕት ሲመጣላችሁ ታሪኩን ከማድነቃችሁ በፊት "ይህ የት፣ በስንት ሰዓት ይቀረጻል?" ብላችሁ አንብቡት።

ጣና ጠዋት ረጋ ያለ ነው። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሣል፣ ማዕበሉም ይከተላል። ውኃ ላይ የሚቀረጽ ነገር ካለ 12 ሰዓት ላይ ጀምሩና እስከ 5 ሰዓት ጨርሱ። ከዚያ በኋላ ጀልባው ይናወጣል፣ ካሜራማኑ ያቅለሸልሸዋል፣ ማይኩ የሚሰማው ንፋስ ብቻ ነው። የጀልባ ሞተር እየሠራ ንግግር መቅረጽ አይታሰብም። ሰፊውን ምስል በሞተር እየሄዳችሁ ውሰዱ፤ ንግግሩን ሞተሩ ጠፍቶ፣ ዳር አካባቢ። ሕይወት አድን ጃኬት ከካሜራው ፍሬም ውጪ ላለ ሰው ሁሉ ግዴታ ነው። በዚህ ከማንም ጋር አልከራከርም።

ታንኳ ታሪኩ ውስጥ ካለ አንድ ታንኳ አይበቃም። ታንኳው የሚሠራበት ደንገል፣ ያ የሐይቅ ዳር ተክል፣ ውኃ ይጠጣል። ሰኞ ቀለል ብሎ ከላይ የተንሳፈፈው ታንኳ ከቀናት በኋላ ይከብዳል፣ ይጠቁራል፣ ዝቅ ይላል። ተመልካች ይህን አያይም ብላችሁ እንዳትታለሉ። የኛ ተመልካች እዚሁ ሐይቅ ዳር ያደገ ነው፤ "ታንኳው ተቀየረ" ብሎ ስልክ ይደውልላችኋል። ሁለት ተከራዩ፤ አንዱ ሲቀረጽ ሌላው ፀሐይ ላይ ይድረቅ።

የጣናን ገዳማት በተመለከተ፣ አንድ ልጅ ጀግናዋን ክብራን ገብርኤል ደጅ ላይ አንበርክኮ የሚያስለቅስ ስክሪፕት አመጣልኝ። ጥሩ ለቅሶ ነበር፤ እኔ አልቃሽ ሆኜ ስለሠራሁ ለቅሶ አውቃለሁ። "ልጄ፣ ክብራን ሴት አይገባም። እሷ አትገባ፣ ሜካፕ ሠሪዋ አትገባ፣ ከፋዩዋ እኔም አልገባ። ማን ሊያለቅስ ነው?" አልኩት። ዳጋ እስጢፋኖስም እንደዚያው ነው። ለቅሶውን ወደ ዘጌ አሻገርነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሴትም ወንድም ይገባል፤ ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የሀገረ ስብከት ደብዳቤ ብትይዙም የገዳሙ አባቶች እሺ ማለት አለባቸው። ከነካሜራ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ቀን ባዶ እጃችሁን ሂዱና ተነጋገሩ። ግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎች ላይ ላይት አይበራም።

ዘጌ ሌላም ጥቅም አለው። ቡናው ዛፍ ጥላ ሥር ነው የሚበቅለው። ከተማ ውስጥ 6 ሰዓት ላይ ፀሐዩ የሰው ዐይን ሥር ጥቁር ጉድጓድ ሲሠራ፣ እዚያ ደኑ ውስጥ ብርሃኑ ለስላሳ ነው። የእኩለ ቀን ትዕይንቶቻችሁን ወደዚያ ውሰዱ።

ጭስ ዓባይን ሁሉም ይፈልገዋል። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቅርብ ይመስላል። ግን ውኃው ለኃይል ማመንጫ ይጠለፋል። በበጋ ሄዳችሁ ቋጥኝ ላይ የምትንጠባጠብ ክር ታገኛላችሁ። ፏፏቴ የሚመስለው በነሐሴና በመስከረም ነው። ነሐሴ ደግሞ የዝናብ ወር ነው። በክረምት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ንግግር አይቀረጽም፤ ዝናቡ ሲወርድ የራሳችሁንም ድምፅ አትሰሙም። በጠቅላላው ለቀረጻ የኔ ምርጫ ጥቅምትና ኅዳር ነው። መሬቱ ገና አረንጓዴ ነው፣ ሰማዩ ጠርቷል። ጥር ላይ ቅዳሜና እሁድ ሐይቅ ዳር ለመቅረጽ እንዳታስቡ፤ ሙሽራ በሙሽራ ነው።

የማታ ትዕይንት ቀንሱ። በ2015 መጨረሻ የሰዓት እላፊ ሲታወጅ ማታ ውጪ መቅረጽ ቀረ። ከዚያ የተማርኩትን ዛሬም አልተውኩትም፦ ማታን ቤት ውስጥ እጽፋለሁ፣ በቀን እቀርጻለሁ። መስኮቱን በጥቁር ጨርቅና በብርድ ልብስ ድፈኑ፣ አንድ አምፖል አብሩ፣ ገጸ ባሕርይው ጋቢ ይልበስ። አለቀ፣ መሸ።

ቀኑን በቦታ መቁረጥ

ክፍል አንድን ጨርሶ ክፍል ሁለት የሚቀርጽ ሰው ገንዘቡን ዓባይ ውስጥ ይጨምር። የሚቀረጸው በቦታ ነው። የጠላ ቤቱ ትዕይንት በአራት ክፍሎች ውስጥ ካለ፣ አራቱንም ጠላ ቤቱን በያዛችሁበት ሰሞን ጨርሱ። ታሪካችሁ ከአራት ወይም ከአምስት ቋሚ ቦታዎች ብዙ ባይወጣ ጥሩ ነው። እኔ ሽምብጥ አካባቢ አንድ ግቢ ይዤ፣ ሳሎኑን የሀብታም ቤት፣ ጓዳውን የድሃ ቤት፣ በረንዳውን ቀበሌ አድርጌዋለሁ።

ስሌቱን በቁጥር ልንገራችሁ። የግማሽ ሰዓት የአየር ጊዜ ውስጥ ማስታወቂያው ሲወጣ ለድራማው 24 ደቂቃ ቀረ እንበል። በቀን 8 ደቂቃ የምትቀርጹ ከሆነ አንድ ክፍል ሦስት ቀን ይፈጃል። 12 ደቂቃ ከቻላችሁ ሁለት ቀን። ለ13 ክፍሎች 39 ቀን እና 26 ቀን ማለት ነው። ያ የ13 ቀን ልዩነት ትርፋችሁ ነው፣ ወይም ኪሳራችሁ። ያን ልዩነት የሚያመጣው ውድ ካሜራ አይደለም። ቁልፍ ያዢው ሰውዬ ጠዋት በሩ ላይ መገኘቱ ነው።

አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው የሚባለውን አትመኑ። የአማርኛ ጽሑፍ እምቅ ነው፣ የጎጃም ሰው አነጋገር ደግሞ የራሱ እርጋታ አለው። ስክሪፕቱን ጮክ ብላችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ አንብቡት።

ምግብ ላይ አትሰስቱ። ባሕር ዳር አሳ አለላችሁ፤ ጥብሱም ጉላሹም ሠራተኛውን ያስደስታል። በጾም ግን አሳ የሚበላም የማይበላም አለ። ሽሮው ሁልጊዜ ይኑር። በጾም ቀን ቅዳሴ የሚያስቀድሱ ስላሉ የጥሪውን ሰዓት ስታወጡ ጠይቋቸው።

ፈቃድን በአጭሩ፦ የባህልና ቱሪዝም ደብዳቤ፣ ለክፍለ ከተማውና ለፖሊስ ግልባጭ፣ ኮፒው በእያንዳንዱ መኪና ውስጥ። ድልድይና የጥበቃ ሰው ያለበት ሕንፃ ፊት ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሣም፣ በቃ።

ገንዘቡ

ከጣቢያ ጋር የሚደረግ ስምምነት ብዙውን ጊዜ ሦስት መልክ አለው። ጣቢያው ክፍሉን በዋጋ ይገዛችኋል። ወይ እናንተ የአየር ሰዓት ገዝታችሁ ስፖንሰር ትፈልጋላችሁ። ወይ የማስታወቂያውን ገቢ ትካፈላላችሁ። ለጀማሪ የመጀመሪያው ይሻላል፤ ትርፉ ትንሽ ቢሆንም እንቅልፍ ይሰጣል። የአየር ሰዓት ገዝቶ መግባት ስፖንሰሩ ፊርማውን ካኖረ በኋላ ብቻ ነው። "ስፖንሰር ቃል ገብቶልኛል" የምትል ፕሮዲዩሰር አውቃለሁ፤ መኪናዋን ሸጣለች።

ስፖንሰር ፍለጋ ድሮ ቀላል ነበር፤ ቢራ ፋብሪካ ነበር። በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ካስወጣ ወዲህ ያ በር ተዘግቷል። አሁን የሚታሰበው ባንክ፣ የዱቄትና የዘይት ፋብሪካ፣ ሪል እስቴት፣ ሆቴል ነው። ሆቴሎች ጥሬ ገንዘብ ባይሰጡም አልጋና ምሳ ይሰጣሉ። ተቀበሉ። በጀታችሁ ውስጥም እንደ ገንዘብ መዝግቡት።

ለጣቢያ ስትሄዱ የምትይዙት አንድ ገጽ ታሪክ፣ የገጸ ባሕርያት ዝርዝርና ያለቁ ሦስት ስክሪፕቶች ናቸው። ማሳያ ቪዲዮም ሥሩ። እባካችሁ ማሳያውን በጣና ፀሐይ መጥለቂያ አትሙሉት። አሚኮ (የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን) እዚሁ ባሕር ዳር ነው፣ ጣናን በየቀኑ በመስኮት ያዩታል። አዲስ አበባ ያሉትም ጠግበውታል። ሁለት ሰው ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጡና የምር ይጣሉ። ከዚያ ነው ድራማ መሥራት መቻላችሁ የሚታየው።

ውል የሚፈርም ድርጅት ያስፈልጋችኋል። ከ2013ቱ የንግድ ሕግ ወዲህ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ይችላል። ዘመድ በአባልነት መለመን ቀርቷል። ሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ይኑራችሁ። ባጃጁ፣ ታንኳ አከራዩ፣ ግቢ ያከራየችን እትዬ ደረሰኝ የላቸውም፤ ያ ወጪ እንዴት እንደሚያዝ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አሁን የሚያንገበግበኝ ነገር። አንድ ድርጅት፣ ስሙ ይቆየን፣ የአማትነቴን ክፍያ የሰጠኝ ድራማው አልቆ ለሁለተኛው ምዕራፍ ሲፈልገኝ ነው። በኔ ቀረጻ ላይ አጃቢ ተዋናይ ገንዘቡን የሚቀበለው በዕለቱ፣ ልብሱን ሲመልስ ነው። መሪዎቹ በወር ሊጠብቁኝ ይችላሉ፣ ውል አላቸው። ለአንድ ቀን ከዓባይ ማዶ የመጣ ሰውዬ ግን መመላለሻውን ከኪሱ አውጥቷል። ይህ ደግነት ብቻ አይደለም። ነገ 12 ሰዓት ላይ ሰው ጎድሎብኝ ስደውል ስልኩን ያነሣል።

አጃቢ ስትመርጡ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል መድረክ ላይ ያደጉትን እዩ። ድምፃቸው ትልቅ ነው፣ ለካሜራ ዝቅ ማድረግ አለባችሁ እንጂ ፊታቸው ውስጥ ሰው አለ። አነጋገራቸውንም አታስተካክሉ። አማቷ የጎጃም ሰው ከሆነች እንደ ጎጃም ሰው ትናገር።

እናንተስ ትተውናላችሁ? መሪውን ለራሳችሁ አትስጡ። ፕሮዲዩሰር ሜካፕ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቁልፍ ያዢውን መፈለግ አይችልም። ግን አንድ ትንሽ ሚና፣ በየትኛውም ቀን ልትገባ የምትችል ጎረቤት ለራሳችሁ አስጽፉ። ተዋናይ ሲቀር ትዕይንቱን ጸሐፊው ወደ ጎረቤቷ ያዞረዋል፣ እናንተም ሻሽ አስራችሁ ትገባላችሁ፣ ቀኑ ይድናል። እኔ ነጠላዬንና ሻሼን መኪና ውስጥ ነው የማስቀምጠው።

በመጨረሻ ፋይሉ ላይ ተጠንቀቁ። በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ክፍሎቹን በሃርድ ዲስክ፣ በአውሮፕላን ነበር የምንልከው። ሁለት ኮፒ፣ በሁለት ቤት አስቀምጡ። ከጸሐፊው ጋር የሚኖራችሁ ውል በጽሑፍ ይሁን፤ የቅጂ መብት አዋጁ 410/1996 መብት ሲተላለፍ በጽሑፍ እንዲሆን ይፈልጋል። ከጣቢያው ጋር ስትፈራረሙ ደግሞ ዩቲዩብ የሚለውን ቃል ውሉ ውስጥ ፈልጉ። ማን ይጭነዋል፣ ከስንት ቀን በኋላ፣ ገቢው የማን ነው? ቃሉ ከሌለ ሳትፈርሙ አስጽፉት።