ጦሳን በነጠላ ጫማ፦ ለቅዳሜ ሽርሽር የሚወጣ ተማሪ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለትምህርት ከሐዋሳ ደሴ ስመጣ ማንንም አላውቅም ነበር። ሁለት ወር ከዶርምና ከክላስ ሳልወጣ ቆየሁ። የጦሳ ተራራ ግን በመስኮት በየቀኑ ያየኛል። አንድ ቅዳሜ «እዚሁ አይደል እንዴ!» ብዬ በነጠላ ጫማ ተነሳሁ።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ የሚታይ ተራራ ሁሉ ቅርብ ይመስላል። ደሴ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ጦሳ ደግሞ ከእሷ በላይ ነው። ዝቅ ያለ አገር ለለመደ ሳንባ ቀልድ አይደለም። ግማሽ ላይ ትንፋሽ አጠረኝ። ከዚያ ጉም ወረደና ፊቴ የነበረው ባህር ዛፍ ጠፋ። ጭቃው ጫማዬን ሲይዘው ማሰሪያው ከሶሉ ተነቀለ። አንድ እረኛ ልጅ ሳቁን አፍኖ «አብሽር!» አለኝ። ከኪሱ የፌስታል ቁራጭ አውጥቶ ጠመዘዘና በቀዳዳው አሳልፎ ቋጠረልኝ። እስከ ከተማ ድረስ ያዘ።

ኮምቦልቻ የምትማሩ ደግሞ በልብስ ትሳሳታላችሁ። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ብትርቅም ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። በቲሸርት ተሳፍራችሁ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ስትወጡ ብርዱ ይቀበላችኋል። ጃኬት ያዙ፣ በቃ።

ኮምቦልቻ አጠገብ ያለው ይጎፍ ደን ለብቻ አትግቡ። አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ይኑር፤ መንገዱ ሰላም መሆኑንም ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ።

ሐይቅ ከተማ ለመሄድ ረፋዱን መጠበቅም ስህተት ነው። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ሚኒባሱ ሞልቶ ነው የሚነሳው። ከተማው ላይ ወርዳችሁም ሐይቁ ውሃ ጋ ለመድረስ ገና መንገድ አለ። እኔ ከጠዋቱ 1 ሰዓት መናኸሪያ ካልተገኘሁ ጉዞውን እተወዋለሁ።

ሐይቅ እስጢፋኖስን ሳይጠይቁ ማቀድ ደግሞ ጓደኛ ያስቀይማል። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ገዳም ነው፤ ሴት አይገባም። እኛ አራት ወንድ ሦስት ሴት ሆነን ሄድን። ሴቶቹ ይህን የሰሙት ደርሰን ነው። ሁለት ሰዓት ውጭ ተቀምጠው ጠበቁን፤ ስንመለስ ያናገረን የለም። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ቀድመን ብንነግራቸው በዚያ ሰዓት እነሱ ጀልባ ይሳፈሩ ነበር።

ዋናን በተመለከተ፣ ዳሩ ጉልበት ድረስ ነው ብላችሁ አትታለሉ። ሐይቁ ወደ መሃል ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል።

ዓሣውን እንደደረሳችሁ ዋጋ ጠይቃችሁ እዘዙ። ከራባችሁ በኋላ ያዘዛችሁት ቆሮሶ የሚደርሰው ሚኒባሱ ሊያመልጣችሁ ሲል ነው።

ቆሻሻችሁን ሜዳ ላይ አትጣሉ፤ ፌስታላችሁንም ይዛችሁ ተመለሱ። ለጫማ ማሰሪያ ይሆናል።