የፌሪቲን ቲ2 በሐረርና በድሬ ለምን ተለያየ?

ሐረር የተዘጋጀው የፌሪቲን (ብረት የሚያከማች ፕሮቲን) ናሙና ቲ2 (በኤምአርአይ ዓይነት መለኪያ የውሃው ምልክት የሚደበዝዝበት ጊዜ) ድሬዳዋ ከተዘጋጀው ጋር አልገጥም አለ። የብረቱ መጠን እኩል ነው፣ ፕሮቲኑም ያው። ጉዱ ያለው ትሪስ በሚባለው በፈር (ፒኤች እንዳይዋዥቅ የሚጨመር ውህድ) ላይ ነው። ትሪስ በሞቀ ቁጥር ፒኤቹ (የአሲድነት ልኩ፤ ሲወርድ አሲድነት ይጨምራል) ይወርዳል፣ በየዲግሪው 0.028 ያህል። ሐረር በ20 ዲግሪ 7.5 ላይ የተስተካከለው፣ በ37 ሲለካ 7.0 ገደማ ሆኖ ይገኛል። የድሬው ግን በ30 ዲግሪ ስለተስተካከለ 7.3 ላይ ይቆማል።

ይህቺ ትንሽ ልዩነት ቀላል አይደለችም። ፌሪቲን እስከ 4500 የብረት አቶም ይይዛል። የብረቱ እምብርት ገጽ ከውሃው ጋር ፕሮቶን ይለዋወጣል። አሲድነቱ ሲቀየር ልውውጡም ይቀየራል፣ ቲ2ም አብሮ።

አሁን ፒኤቹን የምናስተካክለው እዚያው በ37 ዲግሪ ነው፣ ሜትሩንም በዚያው ሙቀት ካሊብሬት አድርገን። ትሪስንም ሄፔስ በሚባል ሌላ በፈር ተካነው፤ ፒኤቹ በሙቀት መንሸራተቱ በግማሽ ያንሳል። ፎስፌት የሚባለው በፈር ግን ብረት ላይ ስለሚጣበቅ አልመክርም። ቁጥሮቹ ገጠሙ፣ ተመስገን!