አረንጓዴ አጥንት ያለው ዓሣ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅቡቲ ዘመድ የሌለው የድሬ ልጅ ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ አንድ ቀን ቀጭን፣ ረጅም፣ አፉ እንደ ወስፌ የሾለ ዓሣ በበረዶ ሣጥን ቤታችሁ ሊገባ ይችላል። መርፌ ዓሣ ነው።

አጥንቱን አይቶ መጣል፦ ዓሣውን ስትሰነጥቁት አከርካሪው ቁልጭ ያለ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። "አቦ፣ ይሄ ነገር ተመርዟል!" ብሎ ለድመት የሚወረውር አይጠፋም። ድመቷ ናት ያተረፈችው። ቀለሙ ቢሊቨርዲን ይባላል፤ የበለዘ ቆዳችን እየዳነ ሲሄድ አረንጓዴ የሚያስመስለውም እሱ ነው። ቢጠበስም አይለቅም፣ ሰውም አይጎዳም። ሥጋው ይጣፍጣል። እሾሁ ግን ብዙ ነው፤ ለልጆች ስትሰጡ በጣት እየዳሰሳችሁ ልቀሙት።

ቀለሙን ፈርቶ ሙቀቱን መርሳት፦ ከጅቡቲ እስከ ድሬ በባቡር ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የመንገዱን ሐሩር ታውቁታላችሁ። በረዶው ቀልጦ ከደረሰ፣ ዓይኑ ከሰረጎደ፣ ስንጥቡ ቅላቱን ካጣ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ካልተመለሰ፣ ያኔ ጣሉት። ሎሚና ሚጥሚጣ ሽታ ይሸፍኑ ይሆናል እንጂ የተበላሸ ዓሣ አያድኑም።

ባራኩዳ ነው ማለት፦ አይደለም። ሁለቱም ረጅምና ጥርሳም ስለሆኑ ነው የሚምታቱት። የመርፌ ዓሣ የቅርብ ዘመድ ከውኃ ወጥቶ በአየር ላይ የሚንሳፈፈው በራሪ ዓሣ ነው።

ማታ ባትሪ እያበሩ ባሕር መውጣት፦ ለሥራ ጅቡቲ የምትወርዱ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። መርፌ ዓሣ ትንንሽ ዓሦችን የሚያድነው ከውኃው ገጽ ሥር ነው። ትልልቆቹ እስከ 1 ሜትር ተኩል ይደርሳሉ። ድንገት መብራት ሲያይ ከውኃው ተስፈንጥሮ ይወጣል፤ ፊቱ ያለው ጀልባ ይሁን ሰው አይመርጥም። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ ኢንዶኔዥያ ውስጥ አንድ ልጅ ከጓደኛው ጋር ማታ ዓሣ ሊያጠምድ ወጣ። ጓደኛው ባትሪ እንዳበራ መርፌ ዓሣ ዘሎ የልጁን አንገት በሳውና ባሕር ውስጥ ጣለው።

የተሰካውን መንቀል፦ ልጁ ሊነቅለው ሲል ጓደኛው ከለከለው። ዓሣውን በእጁ እንደያዘ ዋኝቶ ወጣ፤ ሐኪሞች በቀዶ ሕክምና አወጡለት፣ ተረፈ። ብትነቅሉት ደሙ ሊገነፍል፣ የመንጋጋው ስባሪም ውስጥ ሊቀር ይችላል። እንዳይወዛወዝ ያዙትና በቀጥታ ወደ ሐኪም ሂዱ። ቁስሉ ከላይ ጠባብ ቢሆንም ያው ነው፤ ጥልቀቱ ከውጭ አይታይም።