ሎድ ሴልና አዳፕተር ከተገጠሙ በኋላ ንባቡ ሲዛባ፦ ችግርና መፍትሄ

የናሙና ጥንካሬ በሚፈተንበት መጎተቻ ማሽን ላይ አዲስ ሎድ ሴል (ኃይሉን የሚለካው ክፍል) ከአዳፕተሩ (ሴሉን ናሙና ከሚይዘው መንጋጋ ጋር ከሚያገናኘው ቁራጭ) ጋር ተገጥሞ ንባቡ ሲዛባ፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚነካው የካሊብሬሽን ቁጥሩን (የሴሉን ምልክት ወደ ኃይል የሚቀይረውን) ነው። እባክዎ አይንኩት። ጥፋቱ በአብዛኛው ያለው መጋጠሚያው ላይ ነው፤ ቁጥሩ ሲቀየር እውነተኛው ችግር ይሸፈናል።

ዜሮው አይረጋም
ማሽኑ ገና ከበራ 30 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ሴሉና የምልክት ማጉያው እስኪሞቁ ንባቡ ይንሸራተታል። ከዚያም በኋላ ካልቆመ እርጥበትን ይጠርጥሩ። እዚህ ጅማ የዝናብ ወራት ረጅም ናቸው፤ ሶኬት ውስጥ የገባ እርጥበት በሽቦዎቹ መካከል ኤሌክትሪክ ያሾልካል። ማሽኑን አጥፍተው ሶኬቱን ይንቀሉና በማልቲሜትር ይለኩ። ባለ 350 ኦም ሴል በሁለቱ የምልክት ሽቦዎች መካከል ወደ 350 ኦም ያሳያል፤ በማንኛውም ሽቦና በሴሉ ብረት መካከል ግን ምንም ግንኙነት መኖር የለበትም። በ500 ቮልት ሜገር (በከፍተኛ ቮልት የሽቦ መሾለክን በሚለካ መሣሪያ) አይሞክሩ፣ የውስጡን ስትሬይን ጌጅ (የብረቱን መለጠጥ የሚለካውን ስስ ክፍል) ሊያበላሽ ይችላል። ሶኬቱን በአይሶፕሮፒል አልኮል ጠርገው በደንብ ያድርቁ፤ የማይሠራበትን ሴል ሲሊካ ጄል ባለበት ዝግ ሳጥን ያኑሩ።

ሲጎተት ንባቡ ኔጌቲቭ ይሆናል
ሁለቱ የምልክት ሽቦዎች ተለዋውጠዋል። ያቀያይሯቸው።

ሳይጫን ትልቅ ቁጥር ያሳያል
መጀመሪያ መንጋጋውንና አዳፕተሩን ያውርዱ፤ ክብደታቸው ራሱ ጭነት ነው። 5 ኪሎ የሚመዝን መንጋጋ ባለ 100 ኒውተን ሴል ላይ ቢንጠለጠል የአቅሙን ግማሽ ይበላል። ባዶውን ሆኖም ካልተስተካከለ ምልክቱን ይለኩ፦ 2 ሚሊቮልት በቮልት የሚሰጥ ሴል በ10 ቮልት ሲሠራ ሙሉ ምልክቱ 20 ሚሊቮልት ነው። ባዶውን ከ2 ሚሊቮልት በላይ ካሳየ ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ቅርጹን ቀይሯል ማለት ነው። ዜሮ አድርጎ መቀጠል አደገኛ ነው፤ ይቀየር።

ይህ ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በሚገጠምበት ሰዓት ነው። ዳዶ ሲጠብቅ ሴሉን መያዣ አያድርጉት፤ አዳፕተሩን በሁለተኛ ቁልፍ ይያዙ፣ ጠምዛዡ ኃይል በሴሉ ውስጥ እንዳያልፍ። በተለይ ትናንሾቹ ሴሎች ይህን አይችሉም። ኬብሉ ተሰክቶ ስክሪኑ ላይ ንባቡን እያዩ ማጥበቅ ይጠቅማል።

የግራፉ መጀመሪያ ጠፍጣፋ ነው፣ ወይም ይዘላል
አዳፕተሩን የሚያያይዘው ፒን ቀዳዳው ውስጥ ይንቀሳቀሳል። ይህን መላወስ የሚከለክለው የመቆለፊያ ቀለበት በእጅ ብቻ ከጠበቀ ጭነት ሲመጣ ይላላል። መፍትሄው፦ ጠንካራ ናሙና ይያዙ፤ ከሴሉም ከመንጋጋውም አቅም ሳያልፉ፣ ከሚሠሩበት ከፍተኛ ጭነት ትንሽ ከፍ አድርገው ይጎትቱ፤ ጭነቱ እንዳለ ቀለበቱን በቁልፍ ያጥብቁ፤ ከዚያ ይልቀቁ። መጎተት ብቻ ከሆነ ሥራው፣ ፒኑ ትንሽ መላወሱ ናሙናውን ቀጥ ለማድረግ ይረዳል፤ መጎተትና መጫን ከተፈራረቁ ግን መቆለፍ ግዴታ ነው።

ናሙናው ሁልጊዜ መንጋጋው አጠገብ ይበጠሳል
የላይኛውና የታችኛው መንጋጋ አንድ መስመር ላይ አይደሉም። የአዳፕተሩን ፊትና የሴሉን መቀመጫ ይጥረጉ፤ አንድ የብረት ፍንጣሪ ብቻ ያዘነብለዋል።

የቡና ጆንያ ክር ሲፈተን ቁጥሩ ይዋዥቃል
በ50 ኪሎኒውተን ሴል 200 ኒውተን መለካት የአቅሙን 0.4 በመቶ መጠቀም ነው። ባለ 500 ኒውተን ሴል ይግጠሙ።

በሚዛን ድንጋይ ሲፈተሽ 0.3 በመቶ ይጎድላል
ሴሉ ትክክል ነው። ጅማ ከባሕር ወለል ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ለምድር ወገብም ቅርብ ናት፤ የስበቱ መጠን ከመደበኛው 9.807 ይልቅ ወደ 9.78 ኒውተን በኪሎ ነው። 10 ኪሎ እዚህ 98.07 ሳይሆን 97.8 ኒውተን ያህል ይጭናል። ስሌቱን በ9.78 ይሥሩ።