የከተማን ሙቀት ለማስተማር ከግቢው ጀምሩ

ስለ «የከተማ ሙቀት ደሴት»፣ ማለትም ከተማ በዙሪያው ካለው ገጠር ይበልጥ ስለ መሞቁ፣ የምታስተምሩ ከሆነ፣ ትርጉሙን ሰሌዳ ላይ ከመጻፋችሁ በፊት ተማሪዎቹን ወደ ግቢ አውጧቸው። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ ከረር ሲል፣ አስፋልቱን፣ ሣሩንና ዛፍ ሥር ያለውን አፈር ይለኩ። ሳይነካ የሚለካ ቴርሞሜትር ካለ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከሌለ መዳፍም ይበቃል። አስፋልቱን ነካ አድርጎ እጁን ቶሎ የሚሰበስብ ልጅ ትምህርቱን አይረሳውም።

አንድ ነገር ግን እንዳይሸውዳችሁ። የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ላይ ስታነጣጥሩ መሣሪያው «ቀዝቃዛ ነው» ሊላችሁ ይችላል። ቆርቆሮው ግን ያቃጥላል! የሚያብረቀርቅ ብረት የሚለቀው የሙቀት ጨረር ትንሽ ስለሆነ ነው። ጥቁር ፕላስተር ለጥፉበትና ትንሽ ቆይታችሁ ፕላስተሩን ለኩ።

ዋናው ጉዳይ ማታ ነው። ብዙዎቻችን በቀኑ ልኬት እናቆማለን፤ ግማሹን ትምህርት መጣል ነው። ከተማና ገጠር በአየር ሙቀት ይበልጥ የሚራራቁት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። አስፋልትና ኮንክሪት ቀን ያጠራቀሙትን ቀስ እያሉ ይለቃሉ። እንግሊዛዊው የአየር ሁኔታ ተመራማሪ ሉክ ሃዋርድም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለንደን ላይ ያስተዋለው ይህንኑ የሌሊት ልዩነት ነበር። ስለዚህ የቤት ሥራ ስጧቸው፦ ከሰዓቱን ሙሉ ፀሐይ የመታውን ግድግዳ ከጨለመ በኋላ ይዳስሱት። ከዚያ ሣሩን።