ኬዝ ውስጥ ሲታሰር አልነሳ ያለው ማዘርቦርድ

አዳማ ውስጥ ለጥገና የቀረበ ኮምፒውተር ነው። ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍሎች የሚገናኙበት ዋናው ሰሌዳ) ካርቶን ላይ ሲሞከር ይነሳል፤ ኬዙ ውስጥ ሲታሰር ግን ፋኑ አንዴ ዞር ብሎ ቀጥ ይላል። ፓወር ሰፕላዩ አልተበላሸም፤ ሾርት (ኤሌክትሪክ ያለ መንገዱ መገናኘት) ሲያገኝ ራሱን ማጥፋቱ ሥራው ነው።

ኬዙ ቀድሞ ማይክሮ ኤቲኤክስ የሚባለውን አነስ ያለ ማዘርቦርድ ይዞ ነበር። ቦርዱን ከኬዙ ብረት ከፍ አድርገው የሚይዙት የእሱ የናስ እግሮች ሳይነቀሉ፣ 9 ቀዳዳ ያለው ተለቅ ያለ ማዘርቦርድ፣ ኤቲኤክስ፣ ተጫነበት። አንዱ እግር ቀዳዳ በሌለበት ቦታ ከቦርዱ ጀርባ ሊዱን (ብየዳውን) ነክቶ ተገኘ፤ ጭረቱ በዓይን ይታያል።

መፍትሔው፦ የመብራት ገመዱን ንቀሉ፣ ያልተቀባውን የኬዝ ብረት ነክታችሁ ቦርዱን በጠርዙ ያዙ። ንፋስ ያስገባውን አቧራ ጥረጉ። ቀዳዳዎቹን ከእግሮቹ ጋር አመሳክሩ፤ ትርፉን ፍቱ። ብሎኖቹን ሁሉ አላልታችሁ ካስገባችሁ በኋላ በእጅ ካቻቢቴ በሰያፍ አጥብቁ። በድሪል ፈጽሞ አታጥብቁ፤ ቦርዱ ሊሰነጠቅ ይችላል።