መዓዛው የሚያውድ ሮዝ ጽጌረዳ በጎንደር ግቢ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከእቅፍ አበባ ቆርጦ መትከል

ሠርግ ወይም ምርቃት ባለፈ ማግስት ብዙ ቤት ይደረጋል፤ ከእቅፉ ውስጥ ያማረው ሮዝ አበባ ተመርጦ ዘንጉ ጓሮ ይሰካል። ቢጸድቅ እንኳ የተጠበቀውን መዓዛ አይሰጥም። ለገበያ የሚመረተው ጽጌረዳ የሚመረጠው ዘንጉ ረጅም እንዲሆን፣ መንገድ እንዲችልና ውሃ ውስጥ ብዙ ቀን እንዲቆይ ነው። መዓዛ በዚያ ምርጫ ውስጥ ቦታ ስለማይሰጠው አብዛኛው ቢያሸቱት ምንም የለውም።

እዚህ የምንነጋገርበት፣ ሃይብሪድ ቲ የሚባለው የጽጌረዳ ወገን፣ በአንድ ዘንግ ላይ አንድ ትልቅ፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለ እምቡጥ ያወጣል። የዚህ ወገን በኩር ተደርጎ የሚቆጠረው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1867 ፈረንሳይ ውስጥ የወጣው «ላ ፍራንስ»፣ ራሱ ሮዝ ቀለም ያለውና መዓዛማ ነበር። ስለዚህ ቀለሙንም መዓዛውንም የያዘ ዝርያ ማግኘት ይቻላል፤ ነገር ግን ችግኙን ሲያብብ አይተው፣ አሽትተው ይግዙ። ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ግማሽ የተከፈተ አበባ ቢያሸቱ ትክክለኛውን ያገኛሉ። ያኔ ያልሸተተ አበባ ቤት ስለገባ አይሸትም።

በክረምት ፀሐይ ቦታ መምረጥ

ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ የምታልፈው በደቡብ በኩል ነው። 2 ሜትር ተኩል ከፍታ ያለው አጥር በታኅሣሥ እኩለ ቀን ወደ ሰሜን 1 ሜትር ከ80 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። ሰኔ ላይ በደቡቡ አጥር ሥር «ፀሐይ አለው» ተብሎ የተተከለ ችግኝ፣ ዋናው የአበባ ወቅት ሲደርስ ጥላ ውስጥ ይቀራል፤ ዘንጉ ይቀጥናል፣ እምቡጡም ይጠፋል።

በአንጻሩ ቆርቆሮ ተደግፎ ደቡብን የሚያይ ጥግ የካቲትና መጋቢት ላይ ምድጃ ይሆናል። ቅጠሉ ጠርዝ ጠርዙን ይጠበሳል፣ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ይፈላበታል፣ የአበባው መዓዛም ረፋድ ላይ ተንኖ ያልቃል። ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ፣ በተለይም የጠዋቱን፣ የሚያገኝ ቦታ ይፈልጉ። ከግድግዳ 60፣ ከሌላ ጽጌረዳ ደግሞ 80 ሴንቲ ሜትር ያርቁት። ጌሾ ወይም ባሕር ዛፍ አጠገብ ከሆነ ውሃውንም ምግቡንም የሚወስዱት እነሱ ናቸው።

ዋልካ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ መትከል

ይህ ስህተት ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ችግኝ ይገድላል። 50 በ50 በ50 ሴንቲ ሜትር ቆፍሮ ለም አፈር መሙላት ለቀይ አፈር ጥሩ ዘዴ ነው። ዋልካ ውስጥ ግን ያ ጉድጓድ ገንዳ ይሆናል። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ በላላው አፈር ሰርጎ ይገባና በዙሪያው ያለው ጥቁር አፈር አላሳልፍም ይለዋል፤ ሥሩ አየር ያጣል፣ ይበሰብሳል። ከላይ የሚታየው ምልክት ከታች ጀምሮ ቢጫ የሚሆን ቅጠል ነው። ባለቤቱ የራበው መስሎት ማዳበሪያ ሲጨምር የተጎዳውን ሥር ጨርሶ ያቃጥለዋል። ዝናቡ ሲያልፍ ደግሞ ያው አፈር ተሰነጣጥቆ የተረፉትን ቀጫጭን ሥሮች ይበጥሳል።

ከመትከልዎ በፊት ጉድጓዱን በውሃ ሞልተው ይተዉት። በማግስቱ ውሃ ካለበት ቦታው ለጉድጓድ አይሆንም። ዙሪያውን ድንጋይ ደርድረው ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ይሥሩ፤ ድንጋይ ጎንደር ላይ ብርቅ አይደለም። መደቡን በ2 እጅ ቀይ አፈርና በ1 እጅ በደንብ በበሰበሰ ኮምፖስት ይሙሉት። የቤት ግንባታ ፍርስራሽ ያለበትን አፈር ግን አይጠቀሙ። ሲሚንቶና ኖራ አፈሩን ስለሚለውጡት ተክሉ ብረት መሳብ ያቅተዋል፤ አዲሱ ቅጠል ጅማቶቹ አረንጓዴ እንደሆኑ በመካከላቸው ያለው ይገረጣል። የምድጃ አመድም በብዛት ከተደፋ ያው ነው።

መሬቱ ሁሉ ሊሾ ከሆነ በበርሜል ይትከሉ። 20 ሊትር ጀሪካን ለዚህ ተክል ይጠበዋል፤ ለሁለት የተከፈለ በርሜል፣ ታቹ 6 ወይም 7 ቦታ የተበሳ፣ ይበቃዋል።

የተዳቀለበትን እብጠት መቅበር

በሌላ ጽጌረዳ ሥር (በእናት ሥር) ላይ የተዳቀለ ችግኝ ግንዱ ሥር ላይ እብጠት አለው። ጎንደር ላይ ይህን የሚጎዳ በረዷማ ክረምት ስለሌለ ከአፈር በላይ 3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቅር። ከእብጠቱ በታች የሚወጣ ቀንበጥ የእናት ሥሩ ነው እንጂ የገዙት ጽጌረዳ አይደለም። አፈሩን ገለጥ አድርገው ከመነሻው ወደ ታች ገንጥለው ያውጡት፤ በመቀስ ቢቆርጡት ከጉቶው ሁለትና ሦስት ሆኖ ይመለሳል። ጽጌረዳዬ ወደ ቀጋ ተለወጠ የሚሉ ሰዎች በአብዛኛው የሚያዩት ይህንኑ ነው፦ ሥሩ በርትቶ የላይኛውን ውጦታል።

በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማጠጣት

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ በየማታው አንድ ጣሳ ማፍሰስ ቁጠባ ይመስላል። ያ ውሃ ግን ከላይኛው 5 ሴንቲ ሜትር አያልፍም፤ ሥሩም ውሃውን ተከትሎ ወደ ላይ ይመጣና በመጋቢት ሙቀት ይደርቃል። ይልቁንስ ውሃ አጠራቅመው በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሊትር፣ ቀስ አድርገው ያጠጡ። ጥሩው ዘዴ የፕላስቲክ ጀሪካን ታቹን በቀጭን ሚስማር በስቶ ከግንዱ 25 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ባዶ እስኪሆን አንድ ሰዓት ያህል ከወሰደ ልክ ነው። በበርሜል ያለው ቶሎ ስለሚደርቅ በየሁለት ቀኑ ይፈልጋል። ላዩን በገለባ ወይም በደረቅ ሣር 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጎዝጉዙት፣ ግንዱን ሳያስነኩ። አትክልት የታጠበበት ውሃ ይሆናል፤ ጨው ወይም በረኪና ያለበት አይሆንም።

ለቅጠል ማዳበር

ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። እፍኝ ሙሉ የተበተነለት ጽጌረዳ ለምለም ቅጠል ያወጣል፣ አበባው ይቀንሳል፣ ለስላሳው ቀንበጥም የክሽክሽ፣ ማለትም ጭማቂ የሚመጡ ጥቃቅን ነፍሳት፣ ማዕድ ይሆናል። ኮምፖስት ዋናው ይሁን፦ በመስከረም መጨረሻና በየካቲት አንድ አንድ ባልዲ። ዩሪያ ካስፈለገ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ አይብለጥ፤ ከግንዱ 20 ሴንቲ ሜትር አርቀው፣ እርጥብ አፈር ላይ በትነው ውሃ ያጠጡት። ትኩስ የዶሮ ኩስ ሥር ያቃጥላል።

በሐምሌ መግረዝ

ዝናብ ላይ የተቆረጠ ዘንግ ቁስሉ ሳይደርቅ ሻጋታ ይገባበትና ወደ ታች እየጠቆረ ይሄዳል። ክረምት ላይ የሞተውን ብቻ ያንሱ። ዋናው ግረዛ ዝናቡ ከወጣ በኋላ ነው። ከግረዛ እስከ አበባ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል፤ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ወደ 8ቱ ይጠጋል። ለጥምቀት እንዲያብብ የሚፈልግ፣ ኅዳር ሚካኤል ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ኅዳር 15፣ ቢገርዝ ጥር 11 ድረስ ልክ 56 ቀን አለው።

መሬት ድረስ መከርከም ደግሞ ሌላው ስህተት ነው። እዚህ ተክሉ በብርድ ቅጠሉን አራግፎ አይተኛም፤ ጉልበቱ ቅጠሉና ዘንጉ ላይ ነው። ከ4 እስከ 5 ጠንካራ ዘንግ ይተዉና ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቁረጡ። አቆራረጡን ልብ ይበሉ፦ ቅጠሉ ከዘንጉ በሚገናኝበት ላይ ያለችውን ትንሽ ቀላ ያለች ዓይን፣ ወደ ውጭ የምታየውን፣ ይፈልጉ። ከእሷ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለው አጋድመው ይቁረጡ፤ ተዳፋቱ ከዓይኗ በተቃራኒ ይውረድ። ቀርበው ከቆረጡ ዓይኗ ትደርቃለች፣ ብዙ ካስተረፉ ጉቶው ይበሰብሳል። የተቆረጠው መሐል ነጭ ወይም አረንጓዴ መሆን አለበት፤ ቡናማ ከሆነ ጤነኛው እስኪደርስ ዝቅ ይበሉ።

ሁሉንም በሽታ በአንድ መድኃኒት

በክረምት ቅጠል ላይ የሚታየው ጠርዙ የተበጣጠሰ ጥቁር ነጠብጣብ ከእርጥብ ቅጠል የሚመጣ ነው። የታመመውንና የወደቀውን ለቅመው ያቃጥሉ፣ ቅጠል ላይ ውሃ አይርጩ። በበጋ የሚወጣው ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስል ሻጋታ ግን ቅጠል ባይርስም ይመጣል፤ ሞቃት ቀንና ቀዝቃዛ ሌሊት፣ ነፋስ የማይገባበት ጥግም ይስማሙታል። መሐሉን አሳስተው ነፋስ ያስገቡለት። ቀይ ሸረሪት በቅጠሉ ሆድ ስለሚኖር ከሥር ወደ ላይ ጠንከር ባለ ውሃ ጠዋት ጠዋት፣ በ3 ቀን ልዩነት፣ ያጥቡት። ለክሽክሽ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል፤ አመሻሽ ላይ ይርጩ። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል።

በመጀመሪያው ዓመት ረጅም ዘንግ መቁረጥ

አዲስ ተክል ላይ አበባውን ከነረጅም ዘንጉ መቁረጥ ምግብ የሚሠራለትን ቅጠል መውሰድ ነው። እስኪጠነክር ድረስ አንድ ሁለት ቅጠል ብቻ አስከትለው ይቁረጡ። የረገፈውንም ከላይ ቆጥረው አምስት ቅጠል ያለው የመጀመሪያው አንጓ ላይ ይቁረጡት። ቤት የሚገባውን አበባ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት፣ የውጭው ቅጠል ገና መላቀቅ ሲጀምር ቆርጠው ወዲያው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ያድርጉት፤ ክፍሉ ሞቅ ሲል መዓዛው ይነሳል።